ከሠርጉ በስተጀርባ፦ ሕግና ገንዘብ በጥንታዊ የእንግሊዝ ልብ ወለዶች

እ.ኤ.አ. በ2025 የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የጄን ኦስተን 250ኛ የልደት ዓመት በብዙ አገሮች ሲከበር አንድ የቆየ ክርክር አብሮ አገረሸ። አንደኛው ወገን የእሷንና ከእሷ በኋላ የመጡትን የእንግሊዝ ልብ ወለዶች እውነተኛ ፍቅር የነበረበት ዘመን ምስክር አድርጎ ያቀርባቸዋል። ሌላው ወገን ደግሞ ባለታሪኮቹ ሀብታም ባል ከማደን ሌላ ሥራ የሌላቸው ሴቶች ናቸው ብሎ ያጣጥላቸዋል። ሁለቱም ደራሲዎቹ በየምዕራፉ የሚጠቅሱትን ነገር ዘለው ያልፋሉ፤ የፓውንዱን መጠንና ያን ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የሚያሸጋግረውን ሕግ።

በዚያ ዘመን ለአንዲት እንግሊዛዊት ጋብቻ የስሜት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ንብረቷ የማን እንደሚሆን፣ የት እንደምትኖር፣ ልጆቿ በማን እጅ እንደሚያድጉ፣ በፍርድ ቤት ፊት እንደ ሰው መቆጠሯንም ጭምር የሚወስን ነበር። ይህ ሲታወቅ የልብ ወለዶቹ ሴራ ለምን እንደዚያ እንደተዋቀረ ይገባል። ሕጉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እየተለወጠ ሲሄድ የልብ ወለዱ ቅርጽም አብሮት መለወጡ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ያገባች ሴት በሕግ ፊት

መነሻው ከቨርቸር የሚባለው የእንግሊዝ የልማድ ሕግ መርህ ነው። በዚህ መርህ መሠረት ሴት ስታገባ ሕጋዊ ሰውነቷ በባሏ ሥር ይጠቃለላል። የሕግ ሊቁ ዊልያም ብላክስቶን በ1765 ባሳተመው ማብራሪያ ባልና ሚስት በሕግ አንድ ሰው እንደሆኑ ጽፏል፤ ያ አንድ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ያገባች ሴት በራሷ ስም መዋዋልም፣ መክሰስም፣ ያለ ባሏ ፈቃድ መናዘዝም አትችልም ነበር። ይዛው የገባችው ጥሬ ገንዘብና ዕቃ ወዲያው የባሏ ይሆናል። መሬት ካላት በስሟ ቢቆይም የሚያስተዳድረውና ገቢውን የሚወስደው እሱ ነው። ሠርታ ያገኘችውም የእሱ ነው።

ሕጉ በመጽሐፍ ላይ ተጽፎ የቀረ አልነበረም። ደራሲዋ ኤልዛቤት ጋስኬል በ1850 ለአንድ ታሪኳ 20 ፓውንድ ሲከፈላት ባሏ ገንዘቡን ረጋ ብሎ ኪሱ ከትቶ እንደቆለፈበት ለወዳጇ በደብዳቤ ጽፋለች። የጋስኬል ትዳር ደግሞ ከመልካሞቹ የሚቆጠር ነበር።

ባለጠጎች ማምለጫ ነበራቸው። ቻንስሪ የሚባለው የርትዕ ፍርድ ቤት ሴትልመንት የተባለውን የቅድመ ጋብቻ ውል ያጸናል፤ በውሉ የሴቲቱ ገንዘብ በአደራ ጠባቂዎች እጅ ይቀመጥና ባል እንዳይነካው ይደረጋል። ስለዚህ አንዳንድ የሕግ ታሪክ አጥኚዎች ከቨርቸር በተግባር የሚባለውን ያህል ጥብቅ አልነበረም ይላሉ። ለሀብታም ቤተሰብ ይህ ልክ ነው። ግን ውሉን የሚያስጽፍና ለጠበቃ የሚከፍል አባት ወይም ወንድም ያስፈልጋል። አባቷ የሞተባት፣ ወይም ከአፍላ ፍቅረኛዋ ጋር የኮበለለች ልጅ ያን ከለላ አታገኝም። በልብ ወለዶቹ ውስጥ የአባት ሞትና ኩብለላ ያን ያህል የበዙት ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስላል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሊሆን ይችላል። በሰሜንና በመካከለኛው የአገራችን ደጋ ርስት በአባትም በእናትም ወገን ስለሚወረስ ያገባች ሴት የርስት መብቷ ከእሷ ጋር ይቆይ ነበር፤ በሰማንያ የተጋቡ ሲፋቱም ሚስት ድርሻዋን ይዛ መውጣት ትችላለች። ይህ የኢትዮጵያን ሴት ነጻ ያደርጋታል ለማለት አይደለም። ያለዕድሜ ጋብቻው፣ በወላጅ ውሳኔ መዳሩ የታወቀ ነው፤ የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ደንግጎ እስከ 2000ው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ድረስ ቆይቷል። ይሁንና በንብረት በኩል ብቻ ከታየ፣ በኦስተን ዘመን የነበረች የእንግሊዝ ሚስት ከአንዲት የጎጃም ባለርስት ሴት ያነሰ መብት ነበራት። እንግሊዝ ሁልጊዜ ቀድማ ነበር በሚል ግምት እነዚህን መጻሕፍት የሚከፍት አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ ይስታል።

«በዓመት አሥር ሺህ»

በ1813 በታተመው «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» (ኩራትና ጭፍን ጥላቻ) ሚስተር ዳርሲ ወደ ጭፈራው አዳራሽ ከገባ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በዓመት 10,000 ፓውንድ ገቢ እንዳለው ወሬው ተዳርሷል። ጓደኛው ቢንግሊ በዓመት አራት ወይም አምስት ሺህ እንዳለው አስቀድሞ ታውቋል። የሴቶቹ ሀብት ግን በዓመት አይቆጠርም፤ በአንድ ጊዜ ድምር ነው። የዳርሲ እህት ጆርጂያና 30,000 ፓውንድ፣ ወጣቱ መኮንን ዊክሃም ለጥቂት ጊዜ የተከተላት ሚስ ኪንግ 10,000 ፓውንድ ይባልላቸዋል።

ልዩነቱ ከርስት ሥርዓቱ የመጣ ነው። ጀንትሪ የሚባለው የገጠር ባለመሬት መደብ ወንዱ ከተከራይ ገበሬዎቹ በየዓመቱ ኪራይ ይሰበስባል። መሬቱ ሳይቆራረጥ ለበኩር ወንድ ልጅ ስለሚተላለፍ ሴት ልጅ ድርሻዋ በገንዘብ ተለክቶ ይሰጣታል። ያ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ በመንግሥት ብድር ሰነድ ላይ ይውልና ከመቶ አራት ወይም አምስት ወለድ ያስገኛል። ስለዚህ የዘመኑ አንባቢ ሂሳቡን በቃሉ ይሠራው ነበር፤ የጆርጂያና 30,000 በአምስት በመቶ በዓመት 1,500 ፓውንድ ነው። ዊክሃም የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለች ሊያስኮበልላት የሞከረው ለዚህ እንደሆነ ዳርሲ በደብዳቤው አልሸሸገም።

ዋናዋ ባለታሪክ ኤልዛቤት ቤኔት ደግሞ ተስፋዋ እናቷ ስትሞት የሚደርሳት 1,000 ፓውንድ ነው። በአራት በመቶ ሲሰላ በዓመት 40 ፓውንድ። ይህን የሚያስታውሳት ሊያገባት የሚጠይቃት ቄስ ኮሊንስ ነው፤ ያውም በጋብቻ ጥያቄው መካከል። አንባቢ በሰውየው ይስቃል፣ መሳቁም ተገቢ ነው፤ የጠቀሰው ቁጥር ግን ስህተት የለበትም።

ኮሊንስ እዚያ ቤት የመጣበት ምክንያት ኢንቴይል ነው። ኢንቴይል መሬት ሳይሸጥና ሳይከፋፈል በተወሰነ የወራሾች መስመር፣ አብዛኛውን ጊዜ በወንድ መስመር፣ እንዲወርድ የሚያስር ሕጋዊ ገደብ ነው። በዓመት 2,000 ፓውንድ የሚያስገባው የቤኔቶች ርስት በዚህ የታሰረ ስለሆነ አባትየው በሕይወት እስካለ ይጠቀምበታል እንጂ ለሴት ልጆቹ ሊያወርሰው አይችልም። ሲሞት ለሩቅ ዘመዱ ለኮሊንስ ያልፋል። ወንድ ልጅ ቢወለድ ኖሮ ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ ከአባቱ ጋር ሆኖ ማሰሪያውን ማስፈታት ይቻል ነበር። ባልና ሚስቱ ያ ልጅ ይመጣል ብለው ሳይቆጥቡ ኖሩ፤ አምስት ሴቶች ወለዱ።

እዚህ ላይ እናትየዋ ሚስስ ቤኔት የሚገባትን ፍርድ አላገኘችም። በፊልምም በንባብም መሳለቂያ ናት፤ ደራሲዋም አላዘነችላትም። ሕጉን ሊያስረዷት ቢሞክሩ አልገባ ያላት ሴት ናት። የሕጉን ውጤት ግን ከባሏ በተሻለ ታውቀዋለች። አባትየው መጻሕፍት ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሲቀልድ፣ እሱ የሞተ ዕለት አምስት ልጆች ከቤት እንደሚወጡ እያሰበ የሚሯሯጥ ሌላ ሰው በቤቱ የለም።

የኤልዛቤት ጓደኛ ሻርሎት ሉካስ ኮሊንስን የምታገባው በዚሁ ስሌት ነው። ዕድሜዋ 27 ነው፣ መልከ ቀና አይደለችም፣ ወደ ትዳር ይዛው የምትገባ ጥሎሽ የላትም። ተራኪዋ ስለ እሷ ስትናገር፣ ገንዘብ ለሌላት የተማረች ሴት ጋብቻ ብቸኛው የተከበረ መተዳደሪያ እንደነበር፣ ደስታ መስጠቱ ባያስተማምንም ከችግር መጠበቂያ እንደነበር ታስረዳለች። ኤልዛቤት በጓደኛዋ ምርጫ ትደነግጣለች። ኦስተን ግን ሻርሎትን አትቀጣትም፤ ቤቷን አደላድላ፣ ባሏን አትክልት ቦታው ላይ እንዲውል አበረታትታ ስትኖር ታሳየናለች። በእኔ አስተያየት መጽሐፉ የፍቅር ተረት ብቻ አለመሆኑን ከምንም በላይ የሚያሳየው ይህ ትዳር ነው፤ ኤልዛቤት ዳርሲን ባታገኝ ኖሮ የሚጠብቃት ወይ የሻርሎት ኑሮ ወይ ከዚያ የባሰው ነበር።

የኤልዛቤት ታናሽ እህት ሊድያ ከዊክሃም ጋር ስትጠፋ ቤተሰቡ የሚሸበረው ለምግባር ብቻ ብሎ አይደለም። ከ1754 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጋብቻ ሕግ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ በፈቃድ ወረቀት ሲጋቡ የወላጅ ስምምነት ይጠይቃል። ሕጉ በስኮትላንድ አይሠራም ነበርና ኮብላዮች ድንበሩን እንደተሻገሩ ወደምትገኘው ግሬትና ግሪን መንደር ይጋልባሉ። ሊድያም ወደዚያ እየሄድኩ ነው ብላ ደብዳቤ ትታ ነበር፤ የተገኘችው ግን ለንደን ውስጥ፣ ሳትጋባ ነው። ያላገባት ወንድ የሚፈለግበት ግዴታ የለም። ዳርሲ የዊክሃምን ዕዳ ከፍሎ ጋብቻውን ገዛላት ማለት ይቻላል።

ሳያገቡ መኖር

በ1815 መጨረሻ በወጣው «ኤማ» ባለታሪኳ ማግባት አያስፈልገኝም ትላለች፤ ሰው የሚንቀው ድሃ ሆና ያላገባችውን እንጂ ሀብታሟን አይደለም የሚል ክርክርም ታቀርባለች። እሷ 30,000 ፓውንድ አላት። እዚያው መንደር ውስጥ ያለችው ሚስ ቤትስ ግን የሞተ ቄስ ልጅ ናት፤ ከአሮጊት እናቷ ጋር በጎረቤት ስጦታ ትኖራለች። ኤማ የተናገረችው እውነት በጓዳዋ በር ላይ ቆሞ ነበር።

የተማረች ድሃ ሴት ክብሯን ሳታጣ የምትገባበት ሥራ በዋናነት አንድ ነው፤ ገቨርነስ፣ ማለትም በሀብታም ቤት ተቀምጦ ልጆችን ማስተማር። በ1847 በወጣው የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» ውስጥ ጄን በሚስተር ሮቸስተር ቤት በቶርንፊልድ የሚከፈላት በዓመት 30 ፓውንድ ነው። ሮቸስተር እዚያው ቤት ተደብቃ ከምትኖረው ከመጀመሪያ ሚስቱ ከበርታ ጋር ያገኘው ጥሎሽ 30,000 ፓውንድ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ያሉት ሁለት ሴቶች መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሺህ ዓመት ደመወዝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የ1851 የሕዝብ ቆጠራ ሴቶች ከወንዶች በመቶ ሺዎች እንደሚበልጡ ሲያሳይ፣ ሁሉም ሊያገቡ እንደማይችሉ በጋዜጦች መነጋገሪያ ሆነ።

ኦስተን ራሷ በ1802 የአንድ ባለርስት ወራሽን የጋብቻ ጥያቄ ማታ ተቀብላ ጠዋት ሰርዛዋለች። አባቷ በ1805 ሲሞት እናትና ሴት ልጆች በወንድሞች መዋጮ የሚኖሩ ሆኑ። «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ»ን የሸጠችው ሙሉ መብቱን በ110 ፓውንድ ነበር።

መውጫ የሌለው ትዳር

እስከ 1857 ድረስ በእንግሊዝ ዳግም ለማግባት የሚያስችል ፍቺ የሚገኘው በፓርላማ በሚወጣ ልዩ ሕግ ብቻ ነበር። ወጪው ከባድ ስለሆነ የሚሞክሩት ጥቂት ሀብታሞች ናቸው፤ አብዛኞቹም ወንዶች። ዋናው ምክንያት ዝሙት ሲሆን የአእምሮ ሕመም ምክንያት ሆኖ ተቀባይነት ያገኘው በ1937 ነው።

ሮቸስተር አእምሮዋ የታወከውን በርታን ሰገነት ላይ ቆልፎ፣ ሚስት የሌለው መስሎ ጄንን ሊያገባት የሚሞክረው በዚህ ሕግ ውስጥ ታስሮ ነው። ይህ ጥፋቱን አያጠፋለትም፤ የታሪኩን አካሄድ ግን ያስረዳል። ጄን እንደ ውሽማ ለመኖር እምቢ ብላ ትወጣለች። ከዚያ አጎቷ 20,000 ፓውንድ ያወርሳትና ከሦስት የአክስትና የአጎት ልጆቿ ጋር እኩል ተካፍላ 5,000 ይዛ ትቀራለች። ቤቱ ተቃጥሎ በርታ ከሞተች በኋላ ጄን ስትመለስ ለሮቸስተር ነጻም ባለጠጋም እንደሆነች፣ የራሷ ጌታ እንደሆነች ትነግረዋለች። በ1847 ሕግ ግን፣ አስቀድሞ ውል ካልተጻፈ፣ ያ 5,000 ፓውንድ በሠርጓ ዕለት የባሏ ይሆናል። ልብ ወለዱ ስለዚህ አንድ ቃል አይናገርም። ሻርሎት ብሮንቴ ሳታውቀው ቀርታ አይመስለኝም።

ታናሽዋ አን ብሮንቴ በ1848 ባሳተመችው «ዘ ቴናንት ኦቭ ዋይልድፌል ሆል» ወደዚህ ጉዳይ በቀጥታ ገባች። ሄለን ሰካራምና አመንዝራ ባሏ ትንሹን ልጇን መጠጥ ሲያስለምድባት ልጁን ይዛ ትጠፋለች፤ በሐሰት ስም ተከራይታ ሥዕል እየሸጠች ትኖራለች። በሕጉ መሠረት የሥዕሉ ገቢ የባሏ ነው፣ ልጁም የአባቱ ነው። በ1839 የወጣ ሕግ እናት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆቿን እንድታሳድግ ለፍርድ ቤት ማመልከት የምትችልበትን በር ከፍቶ ነበር፤ አን ግን ታሪኩን ከዚያ ሕግ በፊት ባሉት ዓመታት ውስጥ አስቀምጣዋለች። ሕጉ እንዲወጣ የታገለችው ካሮላይን ኖርተን ራሷ ደራሲ ነበረች፤ ባሏ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ወስዶባት፣ በኋላም ከመጻሕፍቷ የምታገኘውን ገቢ ይገባኛል ብሏታል። የአን መጽሐፍ ብዙ ተቺዎችን አስቆጣ። እሷ በ1849 ስትሞት እህቷ ሻርሎት የርዕሰ ጉዳዩ ምርጫ ስህተት ነበር ብላ ዳግም እንዳይታተም አደረገች።

የ1857ቱ ሕግ ፍቺን ወደ ፍርድ ቤት አወረደው፤ ሚዛኑ ግን እኩል አልነበረም። ባል የሚስቱን ዝሙት ማስረዳት ይበቃዋል። ሚስት ግን ከዝሙቱ በተጨማሪ ጭካኔ፣ ጥሎ መጥፋት ወይም ሌላ ከባድ በደል ማስረዳት ነበረባት። ይህ የተስተካከለው በ1923 ነው።

ሠርጉ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ሲመጣ

በኦስተን ልብ ወለዶች ሠርግ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። በወንድ የብዕር ስም በምትጽፈው በጆርጅ ኤልየት «ሚድልማርች» (1871–72) ግን ዶሮቲያ ብሩክ ገና መጽሐፉ ሳይጀማመር ሽማግሌውን ምሁር ካሶቦንን አግብታለች፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ካሶቦን ሲሞት በኑዛዜው ላይ ባከለው ቃል ዶሮቲያ ወጣቱን ዊል ላዲስሎን ካገባች ርስቱን እንድታጣ ያደርጋል። ባል ከመቃብር ሆኖ በገንዘብ ሚስቱን ሲያዝ ማለት ነው። ዶሮቲያ የራሷ በዓመት 700 ፓውንድ ስላላት ርስቱን ትታ መሄድ ትችላለች። ኤልየት ለወንዱም አታደላም፤ ሐኪሙ ሊድጌት ከሮዛሞንድ ጋር ገብቶ የምርምር ሕልሙ በዕዳ ሲሰምጥ እናያለን።

ኤልየት ስለ ፍቺ ሕግ ከሰሚ ሰሚ አልተማረችም። ከ1854 ጀምሮ አብራው የኖረችው ጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ ሚስት ነበረው። ሚስቱ ከሌላ የወለደችውን ልጅ በስሙ ስላስመዘገበ በሕጉ ዝሙቱን ይቅር እንዳለ ተቆጥሮ ፍቺ የመጠየቅ መብቱን አጥቷል። በ1878 እስኪሞት ድረስ ሳይጋቡ ኖሩ።

በ1870 የወጣው ሕግ ያገባች ሴት ሠርታ ያገኘችው የራሷ እንዲሆን ፈቀደ። በ1882 የወጣው ደግሞ ንብረቷን በሙሉ በስሟ እንድትይዝ አደረገ። ከዚያ በኋላ ቶማስ ሃርዲ በ1895 «ጁድ ዘ ኦብስኪዩር»ን ሲያወጣ ባለታሪኳ ሱ ብራይድሄድ የምትጠይቀው ማንን ላግባ ብላ ሳይሆን ጋብቻ ራሱ ለምን ያስፈልጋል ብላ ነው። ቁጣው ከባድ ነበር፤ ሃርዲ አዲስ ልብ ወለድ መጻፍ ትቶ ወደ ግጥም ዞረ።

ልብ ወለድ ሕግ ይለውጣል?

ሁለት አመለካከቶች አሉ። አንደኛው፣ እነዚህ መጻሕፍት ሥርዓቱን ቢተቹም መጨረሻቸው ሠርግ ስለሆነ አንባቢዋን አባብለው ወደዚያው ይመልሷታል ይላል። ሁለተኛው በመጻሕፍቱ ውስጥ የታፈነ ቁጣ አለ ይላል፤ ይህን ሳንድራ ጊልበርትና ሱዛን ጉባር በ1979 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት አቅርበውታል፤ የሰገነቷ በርታ ለእነሱ ጄን አፍና የያዘችው የቁጣ ነጸብራቅ ናት። ይህ ንባብ ብዙ ያበራል፣ ግን በርታን ለጄን ምሳሌነት ብቻ ያውላታል። በርታ ከጃማይካ የመጣች፣ ሀብቷም ከባሪያ ጉልበት ከለማው ምድር የመነጨ ሴት ናት። በካሪቢያን ተወልዳ ያደገችው ጂን ሪስ በ1966 ባወጣችው ልብ ወለድ ታሪኩን ከበርታ ወገን የጻፈችው ይህን ጉድለት አይታ ነው።

ስለ ሕጉ ከሆነ ግንኙነቱ ቀጥተኛ መስመር አይደለም። ባርባራ ሊ ስሚዝ በ1854 ሴቶችን የሚመለከቱ ሕጎችን በቀላል ቋንቋ ያብራራች አነስተኛ መጽሐፍ አሳትማ፣ በ1856 ከሃያ ሺህ በላይ ፊርማ ያለው አቤቱታ ለፓርላማ ቀርቧል። ከፈራሚዎቹ አንዷ ገንዘቧ ባሏ ኪስ የገባባት ኤልዛቤት ጋስኬል ናት። ሕጉን የገፋው የተደራጀ ትግል ነው። ልብ ወለዱ ያደረገው፣ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ረቂቅ ሆኖ ያለውን አንቀጽ አንባቢ ፊቱና ስሙ በሚያውቀው ሰው ላይ ሲደርስ ማሳየት ነው።

ፊልሞቹ የሚጥሉት

ዛሬ ብዙ ሰው እነዚህን ታሪኮች የሚያውቃቸው በፊልም ነው፤ ፊልም ደግሞ ሒሳብና ውል አይወድም። በ1995ቱ የቢቢሲ ድራማ በጣም የሚታወሰው ዳርሲ ከሐይቅ የሚወጣበት ትዕይንት መጽሐፉ ውስጥ የለም። የሚቀነሰው ግን ከሚጨመረው ይከፋል። የኤሚሊ ብሮንቴ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» (1847) በ1939 ፊልም ሲሆን ባለታሪኳ ካተሪን ከሞተች በኋላ ያለው ግማሽ ታሪክ ተቆረጠ። የተቆረጠው ክፍል የካተሪን አፍቃሪ ሂትክሊፍ በቀሉን በንብረት የሚወጣበት ነው። የካተሪንን ልጅ ቆልፎ ሊሞት ከተቃረበው ልጁ ጋር በግድ ያጋባታል፤ ልጁ ሲሞት ተንቀሳቃሽ ንብረቷን በኑዛዜው ይወስዳል፣ መሬቱንም ይይዛል። ያለዚህ ክፍል ሂትክሊፍ የተከዳ አፍቃሪ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቻርልስ ፐርሲ ሳንገር የሚባል ጠበቃ በ1926 ባሳተመው ጥናት የልብ ወለዱን የቀንና የውርስ ዝርዝር ከዘመኑ ሕግ ጋር አስተያይቶ፣ በገጠር ቤተ ክህነት ያደገችው ኤሚሊ የርስት ሕጉን በጥንቃቄ እንደምታውቅ አሳይቷል።